በረኪና ያልነካው ባሕር

ናዝሬት፣ ዛሬ አዳማ ብለን በጥንት ስሟ የምንጠራት ከተማ፣ ባሕር የላትም። በ1976 ዓ.ም. ክረምት ግን ነበራት። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ በታች፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ባሕር። የተቀመጠው በንጋት ሆቴል የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ፣ ወደ ዋናው መንገድ ከሚያየው ሰፊ መስኮት ሥር ነበር። ጠባቂው ቶይባ መሐመድዘይን ትባላለች። በሠራተኛ መዝገብ ላይ ከስሟ ፊት ለፊት የተጻፈው ግን «ጽዳት» የሚል ብቻ ነው።

ስለ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ተጽፏል፤ እኔም በወጣትነቴ ብዙውን አንብቤዋለሁ። ሰባን ከተጠጋሁ ወዲህ ብቻዬን ስቀመጥ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት ግን እነሱ አይደሉም። የምትመጣው እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ክንዷን ጨው ውሃ ውስጥ ነክራ፣ በፀጉር ማበጠሪያ ድንጋይ የምታበጥር ሴት ናት። ሰው አልታዘዝም ሲል ምን ይመስላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሌላ ምስል የለኝም።

ቶይባ የወሎ ልጅ ናት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አሰብ ወደብ ጭነት ለሚያወርድ ሰው ተድራ ወደዚያ ወረደች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በወደቡ ዳርቻ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ ሻይ ሸጠች። ባሏ በወባ ሲሞትባት ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ፍራሽ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና ሁለት ማንቆርቆሪያ ይዛ መንገድ ዳር ቆመች። ያኔ ነው ወዬሳ የሚባለው የከባድ መኪና ሹፌር ያቆመላት። ወዬሳ የአርሲ ሰው ነው፤ ሻይዋን ለዓመታት ጠጥቷል።

«ያ ቶይባ፣ ወዴት ነው?» አላት በኦሮምኛ አጠራር፣ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ።

«ሙቀት ካለበት፣ ሐዘን ከሌለበት።»

«ሐዘን የሌለበት አገር ይህ መኪና አይደርስም። ሙቀቱን ከሆነ ናዝሬት አለልሽ። ነይ፣ ጋቢና ውጪ!»

ያን ቀን ወንድምና እህት ሆኑ። እሷም ናዝሬት ደርሳ ንጋት ሆቴል በጽዳት ተቀጠረች። ወዬሳም በየጉዞው ናዝሬት ሲያድር ሆቴሉ ደጅ ላይ ጥሩምባውን ሁለቴ ሳይነፋ አያልፍም ነበር።

ሆቴሉን የሚመራው ጓድ ኃይለየሱስ ነው። ሥራ አስኪያጁም፣ የውይይት ክበቡ ሰብሳቢም፣ መፈክር አስጻፊውም እሱ ነበር። ክፉ ሰው ነበር ለማለት ይከብደኛል። የሚፈራ ሰው ነበር፤ ይሁንና የሚፈራ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ከክፉ ሰው የሚለይበትን ቦታ እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁትም። ለስድስት ወር ሥልጠና ውጭ አገር በሄደ ጊዜ በአንድ ሆቴል ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚዋኙ የባሕር ዓሦች አይቶ ነበር። መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበራል፤ ወደ ላንጋኖ የሚወርዱ የውጭ እንግዶች ምሳ የሚበሉት ንጋት ሆቴል ነው። «ቀይ ባሕርን ናዝሬት ድረስ እናመጣላቸዋለን!» አለ።

ያመጣው ወዬሳ ነው። የምግብ ዘይት የነበረባቸውን ጀሪካኖች አጥቦ፣ በሦስት ጉዞ ሃምሳ አምስት ጀሪካን የባሕር ውሃ ከጭነቱ ላይ ደርቦ አወጣ። ለቶይባ ብሎ እንጂ ለአብዮቱም ለሆቴሉም አልነበረም። ዘጠኙን ዓሦችም በበርሜል አምጥቷል፤ አየር እንዳያጥራቸው በየመቆሚያው በብስክሌት ፖምፓ እየነፋላቸው። ሚሌ ላይ ሰው ከቦት «ወዬሳ ዓሣውን ጎማ መስሎት እየነፋው ነው!» እያለ ይስቅ ነበር አሉ።

ሰኔ 10 ቀን ገንዳው ሞላ። ከተማው በሙሉ ሊያይ መጣ። ጓድ ኃይለየሱስ በላዩ ስድስት ሸምበቆ መብራት አስተከለና ቀንም ሌትም እንዳይጠፋ አዘዘ። መንገደኛው ሁሉ እንዲያይ ደግሞ የመስኮቱን መጋረጃ አስወለቀ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነጩ አሸዋ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ድንጋዩ፣ ቀጥሎም መስታወቱ ቡናማ ለበሰ። የዛገ በርሜል ውስጥ የሚያዩ ይመስል ነበር። አንዱ «ናፍጣ ነው» አለ፤ ሌላው ሰምቶ ደገመው፤ በሦስተኛው ቀን ወሬው ማስረጃ ሆነ። ወዬሳ በሚቀጥለው ጉዞው ሆቴሉ ደጅ ጥሩምባውን ነፍቶ ሳይጨርስ ከመሪው ላይ አውርደው ወደ አብዮት ጥበቃ ጣቢያ ወሰዱት። ወንጀሉ አሻጥር ነው፤ በናፍጣ ጀሪካን ውሃ አምጥቶ በዓሉን ሊያበላሽ አስቧል ተባለ። በዚያ ዘመን አሻጥር የምትለው ቃል የሰውን ዕድሜ ትበላ ነበር።

ሐምሌ 3 ቀን ሠራተኛው ምግብ አዳራሽ ተሰበሰበ። እኔ እዚያ አልነበርኩም። የወጥ ቤቱ ኃላፊ አሰለፈች ደጋግማ ስላጫወተችኝ ግን የነበርኩበት ያህል አውቀዋለሁ። ጓድ ኃይለየሱስ በታይፕ የተመታ ወረቀት አወጣ።

«ጓዲት ቶይባ፣ ውሃውን ያስገባሽው አንቺ ነሽ። ይህ የምስክርነት ቃልሽ ነው፤ ፈርሚ።»

«ቃሌ ከሆነ እኔ ሳልናገር እንዴት ተጻፈ?»

«አንብቢና ፈርሚ ነው የምልሽ!»

ቶይባ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷን ከያዘች ሦስት ዓመቷ ነው። ተነሥታ ቆመችና ጣቷን ከፊደሉ ሥር እየጎተተች፣ ጮክ ብላ፣ ማንበብ ጀመረች። «ሹፌር ወዬሳ... ናፍጣ በነበረበት ጀሪካን... ሆን ብሎ... በዓሉን ለማ-ጉ-ደ-ፍ...» ቆመች። «ማጉደፍ ምንድን ነው?»

«ማቆሸሽ!» አለ ጓድ ኃይለየሱስ።

«ታዲያ ማቆሸሽ አይሉም? እኔ ጽዳት ነኝ፤ እሱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።»

ከኋላ ያሉት አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ቶይባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ አንድ ብርጭቆ ከገንዳው ቀድታ ተመለሰች። ሁሉም እያያት፣ ሳትቸኩል፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

«ጨው ነው» አለች። «ናፍጣ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይቅመስ። መቅመስ የፈራም ክብሪት ይጫርበት።»

የመጣ የለም።

«እና ይህ ዝገት ከየት መጣ?» አለ ጓድ ኃይለየሱስ።

«ከአዲስነቱ። አሰብ አዲስ ድንጋይ ባሕር ውስጥ ሲጥሉ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ቡናማ ይለብሳል። ቀጥሎ አረንጓዴ ያበቅላል። ከዚያ ቀንድ አውጣው ይመጣል፣ ዓሣው ይመጣል፣ ድንጋዩም የባሕር ድንጋይ ይሆናል። ጊዜ ይፈልጋል።»

«ጊዜ የለንም! በዓሉ ደርሷል!»

«ባሕሩ በዓል መድረሱን አልሰማም።»

«እንግዲያውስ ነገ በረኪና ይደፋበትና ይታጠባል!»

«ዓሦቹስ?»

«ሌላ ይመጣል።»

«በማን መኪና?»

 ጓድ ኃይለየሱስም የበርሜሉንና የፖምፓውን ጣጣ ዳግመኛ የሚሸከም ሹፌር እንደማያገኝ ያውቃል። በመጨረሻ ቀን ቆረጠ። ነሐሴ 20 የክፍለ ሀገሩ የበዓል ኮሚቴ ለጉብኝት ይመጣል፤ እስከዚያ ውሃው ካልጠራ በረኪናው ይደፋል፣ ቶይባም ትፈርማለች። እስከዚያ ወዬሳ ባለበት ይቆያል።

በማግስቱ ቶይባ እኔ በክረምቱም ማጠናከሪያ ትምህርት ወደማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጣች። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከነጠላዋ ሥር የማርማላታ ጠርሙስ አወጣች፤ ከታቹ ቡናማ ነገር ዘቅጧል።

«መምህር፣ ይህን ነገር በዚያ መነጽርዎ ይዩልኝ።»

አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረግሁ። ያየሁት አልረሳውም። ናፍጣም ዝገትም አልነበረም። ከመስታወት የተሠሩ የሚመስሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ እጅግ ጥቃቅን ጀልባዎች ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ። እሷንም አሳየኋት። አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አየች።

«ያምራሉ» አለች። «ለዚህ ነው ሰው የሚታሰረው?»

መጽሐፉ ዋቅላሚ ይለዋል፤ ተማሪ ሳለን እኛ አልጌ ነበር የምንለው። አዲስ ውሃ፣ አዲስ አሸዋ፣ አዲስ መስታወት ባለበት ቀድሞ የሚሰፍረው ይህ ቡናማው ዓይነት ነው፤ ከአሸዋውና ከመስታወቱ የሚለቀቀውን ማዕድን በልቶ ሲጨርስ ራሱ ይከስማል። ወደብ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት በዓይኗ አይታ የደረሰችበትን እኔ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት።

«ይህን በወረቀት ይጻፉልኝ» አለች።

ጻፍኩ። «የተመለከትኩት ነገር ዋቅላሚ ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው፤ ቀስ ብላ፣ ጣቷን እየጎተተች።

«ሊሆን ይችላል ማለት ምንድን ነው መምህር? አሁን አይተውታል ወይስ አላዩትም?»

«እትዬ ቶይባ፣ ዘመኑን ያውቁታል...»

«ዘመኑን አልጠየቅሁዎትም። ጠርሙሱን ነው።»

ወረቀቱን ቀደድኩና «ነው» ብዬ እንደገና ጻፍኩ። በሕይወቴ ብዙ ገጽ ጽፌአለሁ፤ ከዚያች ባለሁለት ፊደል ቃል በላይ የከበደኝ የለም። ጓድ ኃይለየሱስ ወረቀቷን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተታት፤ ወዬሳን ግን አላስፈታችም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ሆቴሉ ጎራ እል ጀመር። ቶይባ የምትሠራው ቀላል ነገር ነበር፤ የሚከብደው ሌሎች የሚሠሩትን ማስቆም ነው። መብራቱን በቀን ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ታበራለች፤ በቀረው ጊዜ ታጠፋዋለች። ቡናማውን በጨርቅ ከመስታወቱ ታብሳለች፤ በየሳምንቱ የአሸዋውን ዝቃጭ በቀጭን ጎማ ስባ በባልዲ ታወጣለች። ሐምሌ 18 አካባቢ አሸዋው መንጣት ጀመረ። ጓድ ኃይለየሱስ ፈገግ አለ።

ወዲያው ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር በቀለ። በሳምንት ውስጥ ጣት የሚያህል ረዘመ፤ ገንዳው ውስጥ አየር የሚነፋው የኤሌክትሪክ ፖምፓ አረፋ ሲነካው እንደ ጤፍ ማሳ ይወዛወዛል። ጓድ ኃይለየሱስ ፈገግታውን መልሶ ዋጠ።

«ባሕር አምጡ ብዬ ግጦሽ አመጣችሁልኝ!»

«ብያለሁ እኮ፤ ቡናማው ሲሄድ አረንጓዴው ይመጣል» አለች ቶይባ። ግን አሳስቧታል። ይህ በጨርቅ የሚጠረግ አይደለም፤ መጎተት ይፈልጋል። ማበጠሪያውን ያነሳችው ያኔ ነው። በየጠዋቱ እያንዳንዱን ድንጋይ ታበጥራለች፤ የነቀለችውን በወንፊት ትለቅማለች።

ለምን እንዲህ ገነነ ብለን አብረን አሰብን። አንደኛው ምክንያት ውሃው ነው። በናዝሬት ሙቀት ገንዳው በየቀኑ ሁለት ጣት ይጎድላል፤ ተላላኪዎቹ የጎደለውን ከቧንቧ ይሞሉታል። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን ጥርሳችንን ያበለዘው ውሃ ነው፤ ከምድር ውስጥ ይዞት የሚወጣው ማዕድን ለዋቅላሚ ቀለብ ይሆናል። ክረምት ነውና ቶይባ ጓሮው መሐል አራት የፕላስቲክ ሳፋ ደረደረች። «ከጣሪያ የወረደውን አልፈልግም፤ ቆርቆሮ የነካ ውሃ ቀንድ አውጣ ይገድላል» አለች። ከሰማይ ቀጥታ የወረደውን ብቻ ታጠልላለች።

ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ነው፤ መስኮቱ ባዶ ነው። መጋረጃው ይመለስ ብትል እምቢ ተባለች። አንድ ቀን ጠዋት ጓድ ኃይለየሱስ ሲገባ መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። ለሜይ ዴይ ሰልፍ የተሠራ ነው፤ በላዩ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» ይላል።

«ይህን ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ታጥፎ ነበር። ላውርደው?»

ጓድ ኃይለየሱስ ወደ በሩ አየ፤ ወደ ተሰበሰበው ሠራተኛ አየ። አውርጂው ብሎ በሰው ፊት መናገር አልቻለም። ጨርቁ እዚያው ሰነበተ፤ ፀሐይም አልገባችም።

ቀንድ አውጣዎቹን ያመጡት ሹፌሮች ናቸው። ወዬሳ በውሃ ምክንያት መታሰሩ በአሰብ መንገድ ከመኪና ወደ መኪና ተላልፎ ነበር፤ ቶይባ አረንጓዴውን የሚግጥ ቀንድ አውጣ እንደምትፈልግም እንዲሁ። ማንም ሳያዛቸው፣ አንዱ በእርጥብ ጆንያ፣ ሌላው በሻይ ፔርሙዝ፣ አንዱ ደግሞ በገዛ ባርኔጣው ይዞ ይመጣ ጀመር። ማንነታቸውን አይናገሩም። በሩ ላይ ቆመው «የወዬሳ ዕቃ» ብለው ይሰጡና ይሄዳሉ። ከአርባ በላይ ሆኑ።

በየሳምንቱ እሑድ ቶይባ ለወዬሳ ምግብ ይዛ ጣቢያ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ ነበር። በሽቦው አጥር ወዲያ ማዶ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ቆሟል።

«አከም ጂርታ ያ ቶይባ? ደኅና ነሽ? ባሕሩ እንዴት ነው?»

«አረንጓዴ አብቅሏል፤ እየነቀልኩት ነው።»

ጢሙን እየዳበሰ «እኔም እያበቀልኩ ነው፤ ማበጠሪያውን ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ብትፈርሚ ሹፌሮቹ እንዳይወቅሱሽ ‹ተዉአት፣ ተገዳ ነው› እላቸዋለሁ። አልቀየምሽም።»

«ብላ» አለችው። «ወጡ ይቀዘቅዛል።»

ነሐሴ ገባ። አረንጓዴው አጠረ፣ ሳሳ፤ ቀንድ አውጣዎቹ የቀረውን እየላጩ ዞሩ። ሊያልቅ ነው ስንል ነሐሴ 8 ቀን አሸዋው ጥግ ላይ የመዳፍ ያህል ቀይ ነገር ታየ። በማግስቱ ትሪ አከለ፤ በሦስተኛው ቀን የአሸዋውን ግማሽ ሸፈነ። እንደ ጉበት የቀላ፣ የሚያዳልጥ፣ አረፋ ያዘለ ሽፋን ነበር፤ ስትነካው እንደ ቆዳ ይላጣል፤ ይሸታል። ቶይባ ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማ ላይ ቁጭ ስትል አየኋት።

«ይህን አሰብ ክፍት ባሕር ላይ አላየሁትም» አለች። «ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዓሣ ነጋዴዎቹ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጥሉበት ኩሬ ውስጥ።»

 ቀና ብላ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየች፤ ከዚያ ተነሥታ ጎማውን ይዛ ከድንጋዩ ሥር መሳብ ጀመረች። ባልዲው ውስጥ የወጣው የጥብስ ሥጋ ነበር፤ የነጣ፣ የተልፈሰፈሰ፣ ብዙ።

«አሰለፈች!»

አሰለፈች እጇን በሽርጥ እየጠረገች መጣች። ባልዲውን አይታ ደነገጠች።

«ውይ ቶይብዬ... ፍልሰታ ገባ እኮ! ሌላ ጊዜ ከእንግዳ የተረፈውን እኛ እንበላዋለን። አሁን ሁላችን ጾመኞች ነን፤ ሥጋው በየቀኑ ይተርፋል። መጣል ግፍ ነው። እነሱ እንኳ ጾም የለባቸው ብለን ነው፤ በየምሳው አንዳንድ እፍኝ...»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ይብሉልን ብለን እኮ ነው!»

ቶይባ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች። ገዳዩ ርኅራኄ መሆኑ ነው ያሳቃት መሰለኝ። እኔ ስለዚያ ባልዲ ብዙ አስቤአለሁ። በሰው ልጅ ላይ ከደረሰው መከራ ስንቱ በጥላቻ፣ ስንቱ ደግሞ እንዲህ ሁሉም ከየበኩሉ አንዳንድ እፍኝ ደግነት ሲጨምር የመጣ ይሆን? መልሱን አላውቅም።

«ከእንግዲህ ዓሦቹም ይጾማሉ» አለች። «እስከ ፍልሰታ ፍቺ፣ በሁለት ቀን አንዴ፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ። እኔ እስላሟ እጠብቃቸዋለሁ፤ እናንተን ግን ማን ይጠብቃችኋል?»

ቀዩን ሽፋን በመዳፏ እየገፈፈች አወጣች። የገንዳውን ሩብ ቀድታ ደፋች፤ ሹፌሮቹ ከቀንድ አውጣዎቹ ጋር ባመጡት አሥራ አራት ጀሪካን የባሕር ውሃ ተካችው። ሦስት ቀን መብራት አላበራችም፤ ገንዳውንም በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ጓድ ኃይለየሱስ በረኪናውን ይዞ መጣ፤ አምስት ሊትር ነው። ከገንዳው ፊት ቆመች።

«ቀኑ ነሐሴ 20 ነው ያሉት። ዛሬ 13 ነው።»

«ይህ ሬሳ ነው የከፈንሽው!»

«ሬሳ ከሆነ በረኪናው ምን ያደርግለታል? ካልሆነ ደግሞ ይታገሡ።»

አልገፋትም። ለምን እንዳልገፋት አላውቅም። ምናልባት እሱም በልቡ ባሕሩ እንዲተርፍ ይፈልግ ነበር።

ነሐሴ 20 ጠዋት ብርድ ልብሱ ከተነሣ አራት ቀን ሆኖታል። አሸዋው ነጭ ነው። ድንጋዩ ላይ ስስ ሮዝ ቅርፊት ብቅ ብሏል፤ ቶይባ እንዳየችው «አሁን የባሕር ድንጋይ ሆነ» አለች። ከዘጠኙ ዓሦች ስምንቱ በሕይወት አሉ። የክፍለ ሀገሩ ኮሚቴ መጣ፣ አጨበጨበ፣ ምሳ በላ፣ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ኃይለየሱስ ቶይባን ቢሮው ጠራት። አዲስ ወረቀት አዘጋጅቷል። ይህ ከፊተኛው የለዘበ ነው፤ ውሃው በመጀመሪያ በሹፌሩ ቸልተኝነት መበከሉን፣ በኋላም በሆቴሉ ኮሚቴ ንቁ አመራር መስተካከሉን ይናገራል።

«ይህን ፈርሚና ነገውኑ ይፈታል» አላት። «ቸልተኝነት ነው ያልነው፤ አሻጥር አላልንም። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?»

አነበበችው፤ ጣቷን እየጎተተች።

«ይህ ወረቀት ካለ የጭነት ድርጅቱ የመኪና መሪ ያስጨብጠዋል?»

ጓድ ኃይለየሱስ እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋ።

«አያስጨብጠውም። ሹፌር ያለ መሪ ምኑ ይፈታል?» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። «ውሃው ንጹሕ ነበር። አመራርም አላየሁም። ወዬሳ በዚህ በር እስኪገባ ድረስ እጄን ገንዳው ውስጥ አልከትም።»

ሁላችንም ለመንናት፤ እኔም ጭምር። መውጣቱ ይበልጣል አልናት፤ ወረቀት ወረቀት ነው አልናት። መወልወያዋን ይዛ ኮሪደሩን ታጥባለች፤ ገንዳው ያለበት ስትደርስ ዙሪያውን አጥባ ታልፋለች። በሁለተኛው ቀን ውሃው አራት ጣት ጎደለ፤ መስታወቱ ላይ የጨው መስመር ቀረ። በሦስተኛው ቀን የአየር ቧንቧው ጨው ደፈነውና አረፋው ቀጠነ፤ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር።

«ዓሦቹ ምን በደሉ ቶይብዬ?» አለቻት አሰለፈች።

«ምንም። ወዬሳስ?»

ፊቷ ግን ጠቁሮ ነበር። 

በአራተኛው ቀን ጓድ ኃይለየሱስ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ማበጠሪያውን ራሱ ያዘ። ድንጋይ ገለበጠ፤ አሸዋው ተነሥቶ ገንዳው ወተት መሰለ። ክንዱ እየተንጠባጠበ በአዳራሹ መሐል ቆሞ ቀረ። የውጭ እንግዶቹ ሊመጡ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቷል፤ ከተማው ውስጥ ይህን ነገር የሚያውቅ እጅ አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ኮቱን ለበሰና በእግሩ ወደ ጣቢያው ሄደ።

ከበዓሉ በኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ልናገር። ጥቅምት ላይ ቶይባን ወደ ልብስ ማጠቢያ አዛወሯት፤ እስከ ጡረታዋም ከዚያ አልወጣችም። ገንዳው ያለ እሷ አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም። ወዬሳ ግን ጡረታ እስኪወጣ በአሰብ መንገድ ነዳ፤ ያስነዳውም እንግዲህ የምነግራችሁ ነው።

ጓድ ኃይለየሱስ ወደ ጣቢያው በሄደበት በዚያው ቀን ከሰዓት ወዬሳ ከነጢሙ በፊት ለፊት በር ገባ። ቶይባ ሰላምም ሳትለው እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ገንዳው ውስጥ ከተተች፤ የአየር ቧንቧውን የደፈነውን ጨው ጠረገች፤ አረፋው ሲነሣ ነው ዞር ያለችው። ተቃቀፉ፤ ሸሚዙ በጨው ውሃ ራሰ።

«በቃ፣ ተጠናቀቀ» አለ ጓድ ኃይለየሱስ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች ቶይባ። «ለሃምሳ አምስቱ ጀሪካን ርክክብ አልተፈረመለትም። ሹፌር ያለ ርክክብ ዕቃ አራግፎ አይሄድም።»

የርክክብ ጥራዙን ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ አንሥታ፣ ቆማ፣ ራሷ ጻፈች። ፊደሏ ትልልቅ ነው። «ሃምሳ አምስት ጀሪካን ንጹሕ የባሕር ውሃ ከሹፌር ወዬሳ ተረክበናል።» ወረቀቱን ወደ ጓድ ኃይለየሱስ ገፋችው።

«ንጹሕ የሚለው ምን ያደርጋል?» አለ።

«ወይ እሱን ይፈርማሉ፣ ወይ ገንዳውን ራስዎ ይይዙታል።»

እርጥብ እጅጌውን አየ፤ ገንዳውን አየ። ፈረመ፤ ማኅተሙንም አውጥቶ አሳረፈበት። ቶይባ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው።

«ቀለሙ አልያዘም» አለች። «አይነበብም። ይድገሙት።»

ደገመው።